የቡናን ጣዕም በየአገሩ ለይቶ ስለ ማወቅ

በአገራችን ቡና የማይፈላበት ቤት ጥቂት ነው፤ ቡናው ከየት እንደ መጣ ጠይቆ የሚያፈላም ቤት እንዲሁ ጥቂት ነው። ከገበያ የመጣው ይለቀማል፥ ይታጠባል፥ ይቈላል፥ ይወቀጣል፥ ይፈላል። የጣፈጠ እንደ ሆነ «ዛሬስ ቡና ጠጣን» ተብሎ ይመሰገናል፤ ያልጣፈጠ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ሁሉ በቈላችው ልጅ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን የቡና ጣዕም ምጣድ ላይ ከመድረሱ በፊት በዘሩ፥ በበቀለበት ምድርና በለቃሚው እጅ አብዛኛው ተወስኖ የመጣ ነው። ስለዚህ ልጅቱን ከመውቀሳችን በፊት ቡናውን መመርመር ይገባናል። በዛሬው ጽሑፋችን ልዩ ልዩ አገር ያበቀለውን ቡና በቤት ውስጥ በእኩል ሚዛን ቀምሶ መለየት የሚቻልበትን መንገድ፥ ይህም ዕውቀት ለከፋ ደንና ለገበሬው ምን እንደሚጠቅም ባጭሩ እንገልጻለን።

ስለ ቡና ሲነሣ ከከፋ መጀመር ተገቢ ነው። የከፋ ዞን በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ዋና ከተማው ቦንጋ ነው። በዚያ አገር ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ፥ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር፥ ማንም ያልተከለው ቡና በራሱ ይበቅላል። በዴቻ ወረዳ ያለው የማንኪራ ደን በአገሩ ሰዎች ዘንድ የቡና መገኛ ተብሎ ይከበራል፤ በቦንጋ ከተማም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዚህ ተክል «አራቢካ» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ የአውሮፓ ሰዎች በዚያን ጊዜ ቡናን የሚያውቁት በዐረብ አገር በኩል ነበርና። በኋላ የተነሡ የሳይንስ ሰዎች ግን የተክሉ የዱር መኖሪያ በተለይ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑን አረጋግጠዋል። እውነቱ ቢታወቅም ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀርቷል።

እንግዲህ የአንዱ አገር ቡና ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ምንድን ነው? ነገሩ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ዘሩ ነው። የከፋ የጫካ ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት ዛፎች እንኳ በቅጠላቸው መልክና በፍሬያቸው መጠን ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ምድሩና አየሩ ነው። ከፍ ባለና ቀዝቀዝ ባለ ሥፍራ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል፥ ዘሩ ይጠነክራል፤ ጣፋጭነቱና ደስ የሚያሰኘው ጐምዛዛነቱም ይጨምራል። ሦስተኛው የሰው እጅ ነው። ቀይ የበሰለውን እሸት ብቻ መርጦ የለቀመና በአልጋ ላይ እያገላበጠ ያደረቀ ሰው ንጹሕ ቡና ያገኛል። አረንጓዴውንና ቀዩን በአንድነት ያራገፈ ሰው ግን አፍን የሚያደርቅ ቡና ይዞ ይቀራል። በመሬት ላይ የተሰጣ አፈር አፈር ይላል፤ ተከምሮ የሰነበተም ይሻግታል። ዘርና ምድር ያማሩለት ቡና በእጅ ጉድለት ሲበላሽ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ በስም የታወቁትን ጥቂቶቹን እናነጻጽር። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ የሚደርቅ ስለ ሆነ፥ የፍራፍሬና የወይን ጠጅ ጠባይ አለው። በጌዴኦ ምድር የሚበቅለው የይርጋ ጨፌ ቡና ታጥቦ ሲዘጋጅ ቀለል ያለ፥ አበባ አበባ የሚሸትና ሎሚ ሎሚ የሚል ነው። የሲዳማም በጐምዛዛነቱና በጣፋጭነቱ የተመሰገነ ነው። የታጠበው የሊሙ ቡና ጣዕሙ የተመጣጠነ፥ አንዱ ጠባይ በሌላው ላይ የማይሠለጥንበት ነው። በለቀምት ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና ፍሬው ተለቅ ያለ፥ ፍራፍሬ ፍራፍሬም የሚል ነው። በሚገባ የተለቀመና የደረቀ የከፋ የጫካ ቡና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፍን የሚሞላ፥ ጐምዛዛነቱ የለሰለሰ፥ ጣፋጭነቱም ዘግየት ብሎ የሚመጣ ነው። ይህ ሁሉ ግን በጠቅላላው የተነገረ ነው፤ ከጊምቦ የመጣው ከዴቻው፥ የዘንድሮውም ከአምናው ይለያል። ስለዚህ ፍርዱን ለሲኒው መተው ይሻላል።

በዓለም ገበያ «ስፔሻሊቲ ቡና» የሚባለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ስሙን በአንድ የንግድ መጽሔት ላይ ያስተዋወቀችው ኤርና ክኑትሰን የተባለች፥ ትውልዷ ከኖርዌይ የሆነ በአሜሪካ ቡና የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ሐሳቧም ልዩ ምድርና ልዩ አየር ልዩ ጣዕም ይሰጣል የሚል ነበር። ቡና ቀማሾች ለብዙ ዓመታት በሠሩበት ደንብ መዓዛው፥ ጣዕሙ፥ ከዋጡት በኋላ የሚቀረው፥ ጐምዛዛነቱ፥ ውፍረቱ፥ ጣፋጭነቱ፥ ንጽሕናውና እነዚህን የመሳሰሉት አሥር ነገሮች እየተመዘኑ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ቡና ይባላል።

ይህን ደንብ ለቤት በሚስማማ መልክ እንደሚከተለው መጠቀም ይቻላል። ከሦስት አገር ቡና፥ ለምሳሌ ከይርጋ ጨፌ፥ ከሐረርና ከከፋ፥ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይገዛ። ሁሉም በአንድ ቀን፥ በአንድ ምጣድ፥ በየተራ ይቈላ። መንጣጣቱ ጋብ ብሎ የዳማ መልክ ሲይዝ ይውረድ፤ ወዙ እስኪወጣና እስኪጠቍር ድረስ አይቈይ። ጠቍሮ የተቈላ ቡና የየትም አገር ቢሆን ከሰል ከሰል ይላልና። አድሮ በማግሥቱ ለየብቻ ይወቀጥ፤ አንዱ ከተወቀጠ በኋላ ሙቀጫውና ዘነዘናው ሳይጠረግ ሌላው አይግባ። ከዚያም መጠናቸው እኩል በሆኑ ብርጭቆዎች ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8 ግራም ያህል ቡና ይደረግ፤ ሚዛን በሌለበት ቤት በአንድ ማንኪያ እኩል መስፈር ይበቃል። የየቡናው ስም በወረቀት ተጽፎ ከብርጭቆው ሥር ይደበቅ።

ቀማሾች የሚፈልጉት የውኃ ሙቀት 93 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ሥፍራ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚኖር ሰው እንደ ፈላ ቢያፈሰው ይስማማዋል። ስኳር፥ ጨው፥ ጤና አዳም፥ ኮረሪማ አይግባበት፤ ዕጣኑም ቅምሻው እስኪያልቅ ይቈይ፤ መዓዛውን ይሸፍነዋልና። ውኃው ከመጨመሩ በፊት ዱቄቱ ይሽተት። ውኃው ከተጨመረ 4 ደቂቃ ያህል ሲሆን ከላይ የተንሳፈፈው በማንኪያ ይከፈት፥ በዚያን ጊዜ የሚወጣውም መዓዛ ይሽተት፤ አተላው ይገፈፍ። ከዚያ በኋላ በማንኪያ እየቀዱ አየር ጨምሮ ፉት ማለት ነው። በማዕድ ላይ ድምፅ አሰምቶ መጠጣት ነውር ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይፈቀዳል። ሦስት ጊዜ፥ ትኩስ ሳለ፥ ለብ ሲል፥ ሲቀዘቅዝም ይቀመስ። ትኩሳቱ የሸፈነው ነውር ሲቀዘቅዝ ይገለጣል፤ መልካሙ ቡና ግን ቀዝቅዞም ይጣፍጣል።

ቅምሻውን በሰንበት ከቅዳሴ መልስ ቤተ ሰቡ ሲሰበሰብ ማድረግ ይመቻል። በዚህም ጊዜ አንድ ነገር ልብ ይባል። አባት አስቀድሞ «የሐረሩን የሚያህል የለም» ካለ ልጆቹ አክብሮት ይዟቸው የእርሱኑ ይደግማሉ፤ ስለዚህ የሚሰማውን እያንዳንዱ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፥ ሲነገርም ከታናሽ ተጀምሮ በታላቅ ይፈጸም። ሕፃናት ባይጠጡም ሊያሸቱ ይችላሉ። ጣዕምን ለመግለጽ የባዕድ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። ታናሺቱ ልጅ «እማዬ፥ ይኸኛውስ ማር ማር ይላል» ብትል፥ አያትዮዋም «ይህ ደግሞ ጭስ ጭስ ሸተተኝ፥ ልጄ» ቢሉ፥ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ቀማሾች ከሚያደርጉት የተለየ ነገር አላደረጉም። ቅምሻው ሲፈጸም ከሁሉ የተወደደው በጀበና ይፈላ፥ ዕጣኑም ይጪስ፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካው እንደ ልማዱ ይቀጥል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ማስረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጌሻ ከሚባለው አካባቢ የቡና ዘር ተወሰደ፤ ጌሻ የተባለ ወረዳ ዛሬም በከፋ ዞን አለ። ዘሩ በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፥ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ምርቱ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ሰው አልወደደውም፤ ፍሬውም ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር። በኋላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ባለቤቶች የፒተርሰን ቤተ ሰቦች የየማሳቸውን ቡና ለየብቻ ለቅመው ለየብቻ ቀመሱ። ያን ጊዜ ከአንዱ ማሳ የመጣው ቡና ከሁሉ የተለየ ሆኖ አገኙት። በ2004 በፓናማ ውድድር አቅርበውት አንደኛ ወጣ፤ አንዱ ፓውንድ፥ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፥ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ዛፉ ያው ዛፍ፥ መሬቱም ያው መሬት ነበረ፤ ዕድሉን የለወጠው ለይቶ መቅመስ ነው።

ወደ ከፋ ስንመለስ ነገሩ ያሳስባል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የከፋ ቡና ግን በሕይወት ሳለ ስሙን አጥቶ ኖሯል። የደረቀው የከፋ ቡና ለብዙ ዘመን ከአጐራባች አገሮች ቡና ጋር ተቀላቅሎ «የጅማ ቡና» በሚል ስም ሲሸጥ ቈይቷል፤ ጅማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ነበረችና። ኢትዮጵያ የቡናዎቿን ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስከበር በተነሣች ጊዜም የተመረጡት ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ ነበሩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. በእነዚሁ ስሞች ላይ ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ከፋ በሦስቱ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ በቦንጋ ያለው የከፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ቡናውን በራሱ ስም ለውጭ ገበያ ያቀርባል፤ ይህም መልካም ጅምር ነው።

ስም ሲጠፋ ዋጋ አብሮ ይጠፋል። ቀይ ቀዩን መርጦ የለቀመውና ሁሉን ያራገፈው ገበሬ እኩል ከተከፈላቸው፥ በሚቀጥለው ዓመት የሚደክም አይገኝም። የጫካ ቡና ከአንድ ማሳ የሚሰጠው ምርት ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዋጋው ካልተሻለ ደኑን መንጥሮ ሌላ መዝራት ለባለ መሬቱ ትርፍ ይመስለዋል። ደኑ ሲመነጠር የሚጠፋው ደግሞ የከፋ ሀብት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮችን የመረጡት ከዚሁ ከአገራችን ቡና ልዩ ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ124 የቡና ዝርያዎች 75ቱ የመጥፋት ሥጋት እንዳለባቸው አስታውቋል፤ የዱር አራቢካም ከእነዚሁ አንዱ ነው። እነሆ፥ ያልተለየ አይታወቅም፤ ያልታወቀ ዋጋ አያገኝም፤ ዋጋ ያላገኘም አይጠበቅም።

እርግጥ ነው፥ ለውጭ ገበያ የሚመጥነው ቡና ለብዙ ዘመን ወደ ውጭ ሲላክ፥ የተረፈው ለአገር ቤት ሲቀርብ ኖሯል፤ ስለዚህ መልካሙን በአገር ውስጥ ማግኘት ቀላል አልነበረም። አሁን ግን በከተሞች የአገሩ ስም የተጻፈበት ቡና እየተሸጠ ነው። ገዢ ሆይ፥ ነጋዴውን ጠይቅ፤ ከየት ወረዳ መጣ? የታጠበ ነው ወይስ በጀንፈሉ የደረቀ? የዘንድሮ ነው ወይስ የቈየ? ከዓመት በላይ የተቀመጠ ጥሬ ቡና መዓዛው እየጠፋ ገለባ ገለባ ይላልና። በወረቀት የተጻፈ ስም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ወደ ቤት ወስደህ ከሌላው ጋር በእኩል ሚዛን ቅመሰው። መልካም ሆኖ ካገኘኸው፥ ጥቂት ሳንቲም መጨመር ቢያስፈልግ አትሰስት፤ ለሚቀጥለውም ግዢ እንዲረዳህ የወረዳውን ስምና የቀመስከውን ጣዕም በደብተር ጽፈህ አኑር።