አገዳው ደረሰ፣ ፋብሪካው አልደረሰም

ሸንኮራ አገዳ ሰው አይጠብቅም። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ሲደርስ መቆረጥ አለበት። ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈጨ ስኳሩ እየወረደ ይሄዳል። ዕድሜዬን በአገዳ ማሳ ላይ የጨረስኩ የእርሻ ባለሙያ ነኝ። የመንግሥት ፕሮጀክቶች ለምን ይወድቃሉ ሲባል ሙስናው፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ፣ የአቅም ማነሱ ይነሳል። ሁሉም አለበት። እኔ የማስቀድመው ግን የሥራው ጊዜ የሚወሰነው ቀኑን ለሪፖርት በሚፈልጉት ሰዎች መሆኑን ነው።

ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተዘረጋው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች እንዲገነቡ፣ ምርቱም በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን እንዲደርስ ይል ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ የዕቅዱ ሩብ እንኳ አልተመረተም።

በጣና በለስ የስኳር ፕሮጀክት የሆነውን እናስታውስ። እያንዳንዳቸው በቀን 12,000 ቶን አገዳ እንዲፈጩ የታቀዱት ፋብሪካዎች ግንባታ ለመንግሥታዊው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። ሜቴክ የተቋቋመው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስኳር ፋብሪካ ተክሎ አያውቅም። ግንባታው ዓመት በዓመት ላይ ሲጨምር አገዳው ተተክሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አድጎ ነበር። ምጣዱ ሳይጣድ ሊጡ ኩፍ አለ። በሺህ የሚቆጠር ሄክታር አገዳ ዕድሜው አልፎ ማሳ ላይ ቀረ። ያለፈበት አገዳ ይጋደማል፣ ያብባል፣ መካከሉ ባዶ ይሆናል። ትርፉ መንጥሮ መጣል ነው፤ ያም ሌላ ወጪ ነው። ማዳበሪያው፣ የመስኖ ውሃው፣ በዚያ ሐሩር ሲኮተኩት የከረመው የቀን ሠራተኛ ድካም አብሮ ሄደ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በኦሞ ኩራዝ ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ። የቻይና ኩባንያ የሠራው ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ አገዳ አጠረው። ስሌቱ እኮ ከባድ አልነበረም። በቀን 12,000 ቶን የሚፈጭ ፋብሪካ፣ ምርቱ በሄክታር 120 ቶን ቢሆን፣ በየቀኑ የ100 ሄክታር አገዳ ይፈልጋል። በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 20,000 ሄክታር የደረሰ አገዳ ሊዘጋጅለት ይገባል። ለዚያ ሁሉ መሬት የሚበቃ የዘር አገዳ ማባዛቱ ብቻ ዓመታት ይወስዳል፤ ምንጣሮው፣ ድልደላው፣ የቦይ ቁፋሮው ሳይቆጠር።

ይህን የሚያሰላ ሰው አገሪቱ አላጣችም። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያቋቋመው ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀምሯል። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ፤ ፊንጫ የደረሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። አራት ፋብሪካ ለመትከል 45 ዓመት ገደማ የፈጀባት አገር አሥር በአምስት ዓመት ልትሠራ ተነሳች። መፍጠን መፈለግ ነውር የለበትም። ነውሩ በእነዚያ አሥርት ዓመታት ዕውቀት ያካበተውን ባለሙያ አለመስማት ነው። በዚያ ዘመን «አይደርስም» ያለ ሰው በፀረ ልማትነት ይጠረጠር ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች የሚያውቁትን ይዘው ዝም አሉ።

በበለስ አሠሪውም ሠሪውም መንግሥት ነበር። ግንባታው ያለ ጨረታ ተሰጠ፤ ክፍያው ከሥራው እየቀደመ ሄደ። ለዘገየ ተቋራጭ ውል የቅጣት አንቀጽ አለው፤ ግን አንዱ የመንግሥት እጅ ሌላውን እጅ በምን ይቀጣዋል? በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሜቴክ ኃላፊዎች መታሰራቸውን በቴሌቪዥን አየን። እስሩ በለስ ላይ ለቀረው አገዳ አልደረሰለትም። በአፋርና በደቡብ ኦሞ የግጦሽ መሬቱን ለአገዳ እርሻዎች ለለቀቀው አርብቶ አደርም መልስ አልሆነውም። እርሱ ቃል የተገባለትን የመስኖ መሬትና ሥራ የሚጠይቀው ማንን ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን የምለምነው ለዚህ ነው። ወደፊት ትልቅ ፕሮጀክት ሲቀርብላችሁ፣ ከማጽደቃችሁ በፊት በየትኛው ወር ምን ተጠናቆ ምን እንደሚጀመር፣ ቢዘገይ ማን እንደሚከፍል የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቁት ባለሙያዎች በስማቸው ይፈርሙበት፤ ያልተስማማው ባለሙያም ያልተስማማበት ምክንያት አብሮ ይጻፍ። ሰነዱንም ለሕዝብ አውጡት፤ የሚከፍለው ሕዝቡ ነው።