ስለ ዝናቡ ሁላችንም አወራን፤ ስለ ቦዩስ ማን ይናገር?

ይድረስ ለተከበራችሁ የኮንጋ ሠፈራችን ነዋሪዎች፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ እሑድ ስለምንለጥፋት የአየር ጠባይ ወረቀት አንድ ሐሳብ አለንና በትዕግሥት እንድታነቡልን እንጠይቃለን።

ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ በሠፈራችን ከዝናብ የበለጠ የሚወራ ነገር የለም። ጠዋት ቡና ላይ "ዛሬስ ምን ይል ይሆን?" ይባላል። ሻይ ቤት ስንገባ ደግሞ "ጉሙ ከሸለቆው ቶሎ ከተነሣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ አይቀርም" የሚል አለ፤ "የለም፣ ጉሙ ከዋለ ነው ካፊያው የማያባራው" ብሎ የሚከራከር አለ። ይርጋጨፌ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ከእህል ዋጋ በፊት የሚጠየቀው "ወዲያ ማዶ ዘንቧል?" ተብሎ ነው። ይህ መልካም ወሬ ነው። ሰውን ያቀራርባል፤ ተኳርፎ የከረመ ጎረቤት እንኳ በዝናብ ሰበብ ይነጋገራል። ስለዚህ ወሬውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንለው፣ አፋችን ስለ ዝናቡ ሲያወራ እጃችን አካፋ አይዞም ነው። ለዚህም የመጀመሪያው ጥፋተኛ የማኅበሩ ኮሚቴ መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ በአንዱ ሳምንት የለጠፍናት ወረቀት "ከረቡዕ እስከ ዓርብ በአካባቢያችን ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ትል ነበር። በዚህም መሠረት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በደቦ ወጥተን የላይኛውን ቦይ እንድንጠርግ ቀጠሮ ተያዘ። ታዲያ ሰኞም ማክሰኞም ፀሐይ ሆነ። በመንገድ ያገኘን ሁሉ "ጸሐፊ፣ ዝናቡን የት ደበቃችሁት?" እያለ ሳቀብን፤ እኛም አብረን ሳቅን። ማክሰኞ ከሰዓት የመጣው ሰው አምስት እንኳ አልሞላም። ኮሚቴውም "እንግዲያው ቅዳሜ ይሁን" ብሎ ቀጠሮውን አዛወረ። ረቡዕ አልዘነበም። ሐሙስም ቀኑን ሙሉ ደመና ብቻ ሆኖ ዋለ። ሐሙስ ሌሊት ግን መጣ።

ቦዩ በእንሰት ቅጠል፣ በፌስታልና በተሰበረ ቅርንጫፍ ተደፍኖ ነበርና ውኃው መንገዱን ስቶ ወደ ታችኞቹ ቤቶች ገባ። ሦስት ቤቶች ተጎዱ። ከሦስቱ አንዱ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ቤት ነው። ለክረምት ያስቀመጠችው አንድ ኩንታል በቆሎ በሰበሰ፤ የልጆቹ ደብተር ረጠበ፤ የጓዳው የጭቃ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሰው አለመጎዳቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን አካፋና ዶማ ይዞ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ያቺ እናት ቡና አፍልታ ካጠጣችን በኋላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። "ስለ ዝናቡ ሁላችሁም ነግራችሁኛል፤ ቦዩ መደፈኑን ግን አንድ ሰው አልነገረኝም" አለችን። ምን መልስ ይሰጣል? አቀርቅረን ጠጣን።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች "ትንበያው ተሳስቶ ነበር፤ ረቡዕ ብሎ ሐሙስ ሌሊት መጣ" ይሉናል። እንዴ! ከረቡዕ እስከ ዓርብ አይደል የተባለው? የተሳሳተው ወረቀቱ ሳይሆን አነባበባችን ነው። ትንበያ መሐላ አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየዕለቱም፣ በየአሥር ቀኑም፣ በየወቅቱም ትንበያ ያወጣል። የአሥር ቀኑ ትንበያ ስለ ሰፊ አካባቢ ስለሚናገር፣ የአንዱን ሠፈር ዝናብ ከነሰዓቱ እንዲነግረን መጠበቅ የለብንም። የእኛን ጌዴኦን ብቻ ብናይ፣ በአባያ ሐይቅ ወገን ካለው ቆላ ተነሥቶ እስከ ቡሌ ደጋ ድረስ ይወጣል። ዲላ ፀሐይ ሆኖ ኮንጋ ሲዘንብ ያላየ ማን አለ? ስለሆነም ትንበያው ስለሚመጡት ቀኖች ይነግረናል፤ ሽማግሌዎቻችንና ዓይናችን ደግሞ ስለዚች ሸለቆ ይነግሩናል። ሁለቱ ይተጋገዛሉ እንጂ አይጣሉም።

እንዲሁም በሬዲዮ "ክረምቱ እየወጣ ነው" ሲባል ሰምቶ ቦዩን የሚተው ሰው አለ። ይህም ስሕተት ነው። በአገራችን የትንበያ አከፋፈል በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይባላል። ለሰሜኑና ለመካከለኛው አገር ዋናው ዝናብ የክረምቱ ነው። የእኛ ግን ለየት ይላል። ቡናችንን የሚያስብበው የበልጉ ዝናብ ለእኛ ትልቅ ዝናብ ነው፤ ከክረምቱም በኋላ የመስከረምና የጥቅምቱ ይቀጥላል። ስለዚህ በሰሜን መሬቱ ሲጠነፍፍ የእኛ አፈር ገና ውኃ እንደጠጣ ነው።

አሁን ደግሞ "ከባድ ዝናብ" የምትለዋን ቃል እንያት። በትንበያው አነጋገር ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለ እንደሆነ ነው። "30 ሚሊ ሜትር ምን አላት? ሦስት ጣት አትሞላም" ብሎ የሳቀ ወዳጅ ነበረን። ቁጭ ብለን አብረን አሰላነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ቤት በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1200 ሊትር ያወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ስድስት ይሞላል። በአንድ ሔክታር ተዳፋት ላይ ሲሆን 300 ሺህ ሊትር ነው፤ 1500 በርሜል ማለት ነው። ወዳጃችን ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

በእርግጥ ይህ ሁሉ ውኃ ወደ ቦዩ አይመጣም። ዛፉ፣ ቡናውና እንሰቱ ተደራርበው የዝናቡን ኃይል ይቀንሱታል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። አባቶቻችን ገደሉን አርሰው ሳያራቁቱ የኖሩት በዚህ ብልሃት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብም አንዱ ምክንያት ይኸው ከዛፍ ጋር የተስማማ አስተራረሳችን ነው። ይሁን እንጂ ቤት ለመሥራት ተዳፋቱን የቆረጥንበት፣ መንገድ ያወጣንበት፣ ዛፉን ያነሣንበት ቦታ ይህ ጠባቂ የለውም። ደግሞም አፈር እንደ ስፖንጅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዝናብ ይጠጣል፤ የሁለተኛውንም ይጠጣል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጠግቧልና ያው መጠን ዝናብ ሲጥል የሚሄደው በላይ በላይ ነው። ስለሆነም "የዛሬው እኮ ቀላል ነው" ከማለታችን በፊት ትናንትና ከትናንት ወዲያ ስንት እንደ ጣለ መጠየቅ አለብን። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። እዚሁ ክልላችን ውስጥ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት እንደ ወጉ ሊደርስላቸው ተሰበሰበ። ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰዎች በመቆፈር ላይ እንዳሉ መሬቱ እንደገና ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የወጡ ነበሩ። አገሩ በሙሉ አዘነ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኛም በተዳፋት ላይ የምንኖር ሕዝብ ነንና ይህ ሐዘን ትምህርት ሊሆነን ይገባል።

ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ ቤተሰብ ዝናብ በተደጋገመበት ሳምንት ከቤቱ በላይ ያለውን ተዳፋት ዞር ብሎ እንዲያይ እናሳስባለን። በመሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ወይም አጥር ካዘመመ፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከማያፈልቅበት ቦታ ውኃ ከፈለቀ፣ በሩ እምቢ ብሎ ግድግዳው ከተሰነጠቀ፣ እነዚህ መሬቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። "እስኪነጋ እንይ" አይባልም። ልጆችንና አረጋውያንን ይዞ ወደ ጎን መራቅ፣ ከዚያም ለጎረቤትና ለቀበሌ መናገር ነው። መሬት ከተናደ በኋላም ከናዳው ሥር በአንድ ጊዜ አንሰብሰብ። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ላዩን እየተመለከተ ይጠብቅ፤ ደግነት ከጥንቃቄ ጋር ይሁን።

እንግዲህ የማኅበሩ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ወሬውን አንተው፤ ሥራ እናስይዘው።

አንደኛ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ወረቀቷ ሁለት ዓምድ ይኖራታል፤ በአንዱ "የተባለው"፣ በሌላው "የሆነው" ይጻፋል። የሆነውን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገንም። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ጠፈጠፍ ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት በ3 ሰዓት በማስመሪያ ተለክቶ ይደፋል፤ ያ የ24 ሰዓቱ ዝናብ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ይህን ሥራ ለተማሪ ልጆቻችን ሰጥተናል። "ሬዲዮ ይዋሻል" የሚለው ሰውም፣ "ሬዲዮ አይሳሳትም" የሚለውም ከእንግዲህ ወዲያ በቁጥር ይከራከሩ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቷ ላይ "ከባድ" የሚል ቃል ከተጻፈ ቦይ የሚጠረገው ከተባለው ቀን በፊት ነው። ፀሐይ ቢሆንም ቀጠሮ አይዛወርም። "ካልዘነበስ? የግማሽ ቀን ሥራችን በከንቱ አይቀርም ወይ?" ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው፤ ካልዘነበ የጠፋው ግማሽ ቀን ነው፣ ቦዩም ተጠርጎ ይቆየናል። ቦዩ ሳይጠረግ ከዘነበ ግን የሚጠፋው የሰው ቤት ነው። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጡና ራሳችሁ ፍረዱ። ደግሞም ቦዩን ሁልጊዜ የሚደፍነው ዝናቡ አይደለም፤ ከላይ ያለነው ሰዎች የጣልነው ፌስታልና ገለባ ነው እንጂ። ከላይ የሚኖር ሰው ቆሻሻውን ለታችኛው ጎረቤቱ አይላክ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝናብ ስንጫወት አንድ ጥያቄ እንጨምር። "ዛሬ ይዘንብ ይሆን?" ካልን በኋላ "ቦያችሁ ተከፍቷል ወይ?" እንበል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና እናቶች ደጃፍም ስናልፍ "እትዬ፣ እንዴት አደሩ?" ካልን ወዲያ ዓይናችንን ወደ ቤታቸው ጀርባ እንላክ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለ መብረቅም አንድ ቃል እንጨምር። ብልጭታውን ካየን በኋላ ድምፁ እስኪሰማ እንቁጠር፤ በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ድምፁ የተሰማ እንደሆነ መብረቁ እኛንም ሊደርስብን ይችላልና ከዛፍ ሥር አንጠለል፤ ወደ ቤት እንግባ።

በመጨረሻም፣ የዚህን ሳምንት ወረቀት ከዚህ ጎን ለጥፈናታል፤ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ "ከባድ" የሚል ቃል አለባት። ስለሆነም ነገ ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በላይኛው ቦይ ራስጌ እንገናኝ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ፣ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ። ፀሐይ ከሆነ በእኛ መሳቅ ይቻላል፤ ግን እየጠረጋችሁ ሳቁ። ያቺ እናትም ዘንድሮ ቡናውን ከሥራው በፊት አፈላለሁ ብላናለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ስለ ማኅበሩ ኮሚቴ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ
ኮንጋ