ትከሻ የማያየው መነጽር

ቨርቹዋል ሪያሊቲ ሲነሳ «ይሄ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። እኔ አልስማማም። እስቲ አስኮ ሠርግ ቤት እስክስታ ሲመታ አስቡት፤ እጅ ወገብ ላይ ነው፣ ሥራው ያለው ትከሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤችቲሲ ቫይቭ ግን ተጨማሪ መሣሪያ ካልተገዛለት የሚከታተለው ራስ ላይ የሚጠለቀውን መነጽርና በእጅ የሚያዙትን ሁለት መቆጣጠሪያዎች ብቻ ነው። ትከሻውን ፕሮግራሙ ከእነሱ ተነስቶ ይገምታል። ጎበዝ ጨፋሪ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሊመስለው ይችላል ማለት ነው! ይህን እኛ ካላጠናነው ማን ያጠናዋል? ለመጀመሪያ ሙከራ አክስለሮሜትር ያለው ስልክ ትከሻ ላይ ማሰር ይበቃል፤ እሱ ደግሞ በየኪሳችን አለ። መምህራኖቻችንም ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሌላ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሲስተም ከሚቀበሉን ይህን ቢያጸድቁልን ይሻላል፤ መነጽሩ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳን በተራ እንጠቀማለን።