ስለ ስም ማጥፋት ሕግ ለአገር ቤት ወገኖች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ



በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238፣ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል ማስጠየቁ እንዲቀርና ተበዳዩ በፍትሐ ብሔር፣ ማለትም በካሳ ክስ፣ መብቱን እንዲያስከብር ደንግጓል፤ ጋዜጠኞች በጻፉት ምክንያት ወህኒ ሲወርዱና ሲሰደዱ ለኖሩባት አገር ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ጥበቃው ግን ለተራው ዜጋ አልደረሰም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 የሌላውን ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ወገን ስሙን የሚያጎድፍ ነገር የተናገረ ሰው፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ የግል አቤቱታ ከቀረበበት እስከ 6 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንዲቀጣ ያዛል፤ የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት ላሠራጨ ሰው ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት ያደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ የወረዳ ሹም ጉቦ እንደጠየቀው በፌስቡክ ቢጽፍ እስራት ያሰጋዋል፤ ያንኑ ወሬ ያተመ ጋዜጣ ግን የሚጠየቀው ካሳ ብቻ ነው። አዘጋጅና ጠበቃ ላለው ተቋም የተነሣለት ቅጣት ምንም በሌለው ግለሰብ ላይ መጽናቱ ፍትሕን ያዛባል።

ይህ ማለት የሰው ክብር ጥበቃ አያሻውም ማለት አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ራሱ፣ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲያረጋግጥ፣ ለሰው ክብርና መልካም ስም ሲባል በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይገልጻል። ችግሩ ተበዳዩ ሌላ አስተማማኝ መንገድ ማጣቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህ ገንዘብ ዛሬ የጠበቃ አበል ይቅርና የፍርድ ቤት ምልልስ ወጪን እንኳ በቅጡ ስለማይሸፍን፣ ስሙ የጎደፈበት ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢያመራ አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን እስራት አይደለም፤ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014፣ የቡርኪና ፋሶው ጋዜጠኛ ሎሄ ኢሳ ኮናቴ ስለ አንድ ዐቃቤ ሕግ በጻፈው ጽሑፍ በ12 ወር እስራት መቀጣቱ ኢትዮጵያም የተቀበለችውን የአፍሪካ ቻርተር እንደሚጥስ ፈርዷል።

የእስራቱ ስጋት በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ በዋሽንግተን ወይም በአውሮፓ ተቀምጦ በዩቲዩብ ሰው የሚያዋርድ ተናጋሪ ከአገር ቤት ፖሊስ እጅ ይርቃል፤ ቪዲዮውን በቴሌግራም ያሠራጨው የአገር ቤት ወጣት ግን በቀላሉ ይያዛል፤ በመሆኑም ዲያስፖራው አንደበቱን የመግራት ግዴታ አለበት። የአገር ቤት የሕግ ባለሙያዎችና የምክር ቤት አባላት በበኩላቸው እስራትን ከወንጀል ሕጉና ከኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ እንዲያስወጡ፣ የ1,000 ብሩንም ጣሪያ በዚያው ማሻሻያ እንዲያነሡ ይህ ደብዳቤ አጥብቆ ይማጸናል።