ስህተቱም ሰሌዳ ላይ ይታይ

ተማሪ እንዲበረታ ማንን እናሳየው ሲባል መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጎበዙን። በወላጆች ቀን የሚሸለመው አንደኛ የወጣው ነው፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንዲሠራ የሚጠራው እጁን ቀድሞ ያወጣው ነው፣ ለንግግር የሚጋበዘውም ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥቶ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሆነው ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን እንደሚከተል ማንም ያውቃል። ጥያቄው ግን ደካማው ተማሪ ጎበዙን ሲያይ የሚማረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሒሳቡን ነው ወይስ እሱና ሒሳብ እንደማይገናኙ?

በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 በካናዳ አልበርታ ግዛት ሙንዳሬ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልደው፣ ከ1953 ጀምሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በ2021 ዐርፈዋል። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የ1961ዱን የአሻንጉሊት ሙከራ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት እነሱም ደበደቡት። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ልጅ ያየውን ይቀዳል ብሎ መደምደም ግን ንድፈ ሐሳቡን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። በ1965 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም፤ ያያችሁትን ብታሳዩን ሽልማት አለው ሲባሉ ግን እንደ ሌሎቹ ልጆች አድርገው አሳዩት። ተምረውት ነበር፤ የተዉት ማድረጉን ነው። በመማርና የተማሩትን በመሥራት መካከል የልጁ የራሱ ስሌት አለ፤ ይህን ባደርግ ምን ይከተለኛል፣ ደግሞስ እችለዋለሁ ወይ የሚል። ባንዱራ ከ1977 ጀምሮ ይህን “እችላለሁ” የሚል እምነት የሥራቸው ምሰሶ አደረጉት፤ በ1986 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍም ጠቅላላ ሐሳባቸውን ማኅበራዊ ኮግኒቲቭ ንድፈ ሐሳብ ብለው ሰየሙት።

ይህን ሐሳብ ወደ ክፍል ውስጥ ያመጡት ግን በተለይ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴል ሹንክና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1985 በታተመው ጥናታቸው፣ በመበደር የሚሠራ መቀነስ ላይ የሚቸገሩ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች በቪዲዮ ትምህርት እንዲያዩ ተደረገ። አንዳንዶቹ እንደነሱ ያለ ልጅ ሲማር አዩ፣ አንዳንዶቹ መምህር ሲሠራ ብቻ አዩ፣ የቀሩት ምንም አላዩም። የእኩያቸውን ሥራ ያዩት በራስ መተማመናቸውም፣ ኋላ በፈተና ያመጡት ውጤትም መምህሩን ብቻ ካዩት በለጠ። በ1987 ደግሞ ርእሱ ወደ ክፍልፋይ ተዛወረና ጥያቄው ጠበበ፤ ልጁ ማየት ያለበት ከመጀመሪያው ሳይሳሳት የሚሠራ እኩያ ነው ወይስ “ይሄ ከበደኝ” እያለ ተሳስቶ፣ ታርሞ፣ ቀስ በቀስ የሚቃናለትን? አንድ እኩያ ብቻ ካዩት መካከል የበለጠ የተጠቀሙት ሲታገል የነበረውን ያዩት ሆኑ። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ተመልካቹ ልጅ ራሱን የሚያገኘው በሚታገለው ውስጥ ነው፤ “ይህ እንደኔ ነው፣ እሱ ከወጣው እኔስ?” የሚለው ሐሳብ በጎበዙ ፊት አይመጣም። ሆኖም በ1985ቱ ጥናት ሳይሳሳት የሠራውና እየታገለ የሠራው እኩያ ያመጡት ለውጥ እንዳልተለያየ መደበቅ አይገባም። ልጆቹ መቀነስን ቀድሞም በመጠኑ ስለሚያውቁት ይመስላል፤ ትግል ማየት የሚጠቅመው ነገሩ ገና ባዕድ ሲሆን ነው።

ይህን ይዞ ወደኛው ፕላዝማ መመልከት ያስተምራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ሲወቀስ ጣት የሚቀሰረው በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። በሹንክ ጥናት የነበሩት ልጆችም ግን የተማሩት ከስክሪን ነበር። ልዩነቱ በስክሪኑ ላይ ማን ቆሞ ነበር የሚለው ነው። በፕላዝማው ላይ የሚታየው በእንግሊዝኛ ሳይደናቀፍ የሚናገር፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ራሱ የሚሰጥ፣ የማይቆምና የማይሳሳት መምህር ነበር። ባንዱራ ሰው ከሌላው አይቶ እንዲማር ማስተዋል፣ ማስታወስ፣ ራሱ መሞከርና መነሣሣት ያስፈልገዋል ይላሉ። ስርጭቱ መቆም ስለማይችል ሦስተኛውን፣ ሙከራውን፣ ዘጋው፤ በሙከራ ያልተነካ ነገር ደግሞ እችለዋለሁ አይባልም።

ሐሳቡ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው እንዳይባል ደግሞ ቃሉ ራሱ ቤታችን ውስጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት “የአብነት ትምህርት” የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብነት ማለት አይተው የሚከተሉት ምሳሌ ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አቅርብ አይባልም። የቋጠረውን በመምህሩ ፊት ይናገራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ሌሎቹም የእርማቱን መንገድ ይሰማሉ። ባንዱራና ሹንክ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ደረጃ በደረጃ መሄድ በሌላ መንገድ ይደግፋል። በመቀነስ ደካማ የሆኑ ልጆች በሰባት ክፍለ ጊዜ 42 ገጽ እንዲሠሩ ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ በየጊዜው ስድስት ገጽ ጨርሱ ተባለ፣ ለሌሎቹ በመጨረሻ 42ቱን ጨርሱ ተባለ። ሥራው አንድ ነው። ሩቁ ግብ የተሰጣቸው ግን ምንም ግብ ካልተሰጣቸው እምብዛም አልተሻሉም፤ ቅርቡን የያዙት ቀደሙ፣ ሒሳቡንም ወደዱት።

ስህተት ካሳየናቸው ስህተቱን ይለምዱታል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ የአሻንጉሊቱን ሙከራ የሰማ ሁሉ ሊያነሣው ይችላል። ግን ከ1965ቱ ጥናት እንዳየነው ልጅ ከድርጊቱ ጋር መጨረሻውንም ይመለከታል። በስህተቱ ላይ የቆመ ትዕይንት ይጎዳል፤ ስህተቱ ተጠርቶ፣ ከየት እንደመጣ ተነግሮ፣ ተቃንቶ ሲያልቅ ግን የሚቀረው መቃናቱ ነው። መምህር ከተሳሳተ ይናቃል የሚሉም አሉ። መምህሩ አላዋቂ ይምሰል አላልኩም፤ ሲሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ያስብ፣ የሚጠራጠርበትን ቦታ አይደብቅ ነው። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ አይቻልም ለሚለውም፣ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ሲታረም ሰባውም እንደሚያዩት መመለስ ይበቃል። በብዛቱ የሚጎዳው አንድ ለአንድ ማረም እንጂ አብሮ ማየት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ በራስ መተማመን ውጤትን ያመጣል ወይስ ውጤት ነው መተማመንን የሚያመጣው የሚለው ነው። ሁለተኛው ብዙ እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ጉድለቱ የዕውቀት ነበር፤ “ትችላላችሁ” በሚል ንግግር የሚሞላ አልነበረም። ባንዱራም ቢሆኑ ለእምነቱ ምንጭ ከሚሏቸው አራት ነገሮች ሁሉ ብርቱው የራስ ስኬት ነው ይላሉ፤ ቀጥሎ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት ይመጣል፤ የማበረታቻ ቃል ግን ብቻውን ቶሎ የሚረግፍ ነው። እንግዲህ ለተጋባዥ ተናጋሪ የምናባክነው ግማሽ ቀን ለእውነተኛ ስህተት ቢውል ይሻላል። አንድ ልጅ ግማሽና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ሲጽፍ ቶሎ ማጥፋት አያስፈልግም። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እንደደመረ ራሱ ይናገር፤ ከዚያ መምህሩ አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ግማሽ ዳቦ ይዞ ሲሶ የተጨመረለት ሰው፣ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ዳቦ ይዞ ይገኛል?