ቅርቡን ያራቀው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ አስመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1990 ዓ.ም. በጦርነት ሰበብ የተዘጋው መስመር ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሃያ ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች በእንባ ሲተቃቀፉ አይተናል። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን በረራው ዳግም ተቋረጠ። አንዱ ወገን የሻንጣ ስርቆትን፣ ሌላው የታገደ የባንክ ሒሳብን ምክንያት አደረገ። ለመሆኑ ይህ ተቀምጦ በመነጋገር የሚፈታ ጉዳይ አይደለምን? ቀጥታው መስመር በተዘጋ ቁጥር በካይሮ የሚዞር መንገደኛ አስመራን ለመርገጥ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል፤ አቅም የሌለው ደግሞ የእናቱን መርዶ በስልክ ይሰማል። ስለዚህ እላለሁ፦ መንግሥታት ቢኳረፉ እንኳ የሰላማዊ ሰዎች ጉዞ የኩርፊያቸው መያዣ ሊሆን አይገባም።