ስለ ጨዋታና ስለ ባልንጀራ

ብዙ ሽማግሌዎች ልጆች በእጅ ስልክ የሚጫወቱትን ጨዋታ ይነቅፋሉ። ልጆቹም በበኩላቸው፣ ሽማግሌዎች ያላወቁትን ነገር ሁሉ ይጠላሉ እያሉ ያጉረመርማሉ። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን አሳብ የጎደለ ነገር አለ። ጨዋታ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አዲስ መኪናም ሁሉ ክፉ አይደለም። አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፣ የሚጫወተው ልጅ ከማን ጋራ እንደሚጫወት ነው።

ገበጣን የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጉድጓዱ በእንጨት ላይ ቢጠረብም፣ በመሬት ላይ ቢቈፈርም፣ ጠጠሩ በሁለቱ ፊት የተገለጠ ነው። አንዱ ጠጠሩን አንሥቶ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ አንድ አንድ እያለ ሲጥል፣ ሁለተኛው በዓይኑ ይከተለዋል። የሚያታልል ቢኖር ቶሎ ይታወቃል፤ ከታወቀበትም በኋላ ያንኑ ባልንጀራውን ነገ በከብት ጥበቃ ያገኘዋል፣ በትምህርት ቤትም አጠገቡ ይቀመጣል። ስለዚህ በገበጣ የሚያታልል ልጅ ትርፉ ጥቂት፣ ኀፍረቱ ግን ብዙ ነው።

የሰንጠረዥም ነገር እንዲሁ ነው፤ ይኸውም ዛሬ ቼዝ ተብሎ የሚጠራው ነው፤ የቀድሞው የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥቂት ይለይ ነበር። ገበታው ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተዥጐረጐረ ሳይሆን፣ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነበር። በመጀመሪያም ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ወደዱ ይሄዱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበረ ጽፏል። በዙሪያ የቆሙትም ሰዎች ዝም ብለው አይመለከቱም ነበር፤ ለተጫዋቾቹ ምክር ይሰጡ ነበር። ጸጥታን ለሚወድ ሰው ይህ ሁከት ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው ሁከት ብዙ ሰው በአንድ ገበታ ላይ ያስባል።

በኋላ ዘመን ሰዎች ሰንጠረዥ የሚያውቅ መኪና ሠሩ። ከነዚህም አንዱ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፕዩተር ነው፤ በአንድ ሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል የጠጠር አቀማመጥ ይመረምር ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ በ1996 አሸነፈው። በ1997 ግን በኒው ዮርክ ከተማ 6 ጊዜ ሲጋጠሙ መኪናው 2 ጊዜ፣ ካስፓሮቭ 1 ጊዜ አሸነፉ፤ 3 ጊዜም እኩል ወጡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች የሰው ክብር ተዋረደ ብለው አዘኑ። ይህ ኀዘን ከንቱ ነበር። ፈረስ ከሰው ይልቅ ይሮጣል፤ ሰዎች ግን ስለዚህ የእግር እሽቅድምድም አልተዉም። መኪናው እጅ ስላልነበረው፣ ጠጠሩን የሚያንቀሳቅስለት ሰው በካስፓሮቭ ፊት ይቀመጥ ነበር። ባሸነፈም ጊዜ ደስ የተሰኙት የሠሩት ሰዎች ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም። ከዚያም በኋላ ተፈታ፤ ከፊሉም ለቤተ መዘክር ተሰጠ። ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሰዎች ግን ዛሬም በዓለም ሁሉ አሉ።

ዛሬ በእጅ ስልክ የሚገኘው ሰንጠረዥ ከዚያ ታላቅ መኪና ይልቅ ብርቱ ሊሆን ይችላል። ልጅ ሊያሸንፈው ስለማይችል፣ ሠሪዎቹ ኀይሉ ዝቅ የሚልበትን መንገድ አበጅተዋል። ይህስ ለመማር ይጠቅማል። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል። ልጁ የሚሸነፍ ሲመስለው አጥፍቶ እንደ ገና ይጀምራል፤ መኪናውም አይቀየመውም፣ አይታዘበውም። እንዲህ የለመደ ልጅ ከባልንጀራው ጋራ ለገበጣ ሲቀመጥና ሲሸነፍ፣ ጠጠሩን በትኖ ይነሣል። ሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ፍጻሜ የላቸውም፤ አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ሌላው ይከፈታል። ብዙዎቹ ማስታወቂያ በማሳየት ገንዘብ የሚያገኙ ናቸውና፣ ልጁ ቶሎ ተነሥቶ ወደ ትምህርቱ ቢሄድ ለባለቤቶቹ ትርፍ የለውም። በገበጣ ግን ጠጠሩ ያልቃል፤ ሁለቱም ይነሣሉ።

ሆኖም ስልኩን ሁሉ መርገም አይገባም። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች እኅት በዕረፍቷ ቀን አዲስ አበባ ካለው ወንድሟ ጋራ በስልክ ሰንጠረዥ ብትጫወት፣ ማን ይነቅፋታል? እርሷ ስታስብ እርሱ ይጠብቃል፤ ሲሸነፍም የእርሷን ሣቅ ይሰማል። በሐኪም ቤት ብቻውን የተኛ ልጅም ከመኪና ጋራ ቢጫወት ቀኑ ያጥርለታል።

የሚነቅፉት ሽማግሌዎችም ከነቀፋ የራቁ አይደሉም። በቀድሞውም ዘመን በቁማር የቤቱን እህል ያጠፋ አባት አልታጣም፤ ቁማርን ስልክ አላመጣውም። ዛሬም በራት ጊዜ ዓይኑን በስልኩ ላይ ተክሎ፣ ልጁ ሲጠይቀው «ቈይ» ብቻ የሚል አባት፣ ልጁን ስልክ አትንካ ቢለው ቃሉ አይሰማም። ስልኩን በኪሱ ትቶ በልጁ ፊት ለገበጣ ቢቀመጥ ግን፣ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ይሸነፋል፤ ምናልባትም ያለቅሳል። በሳምንቱ ደግሞ አባትየው ሊሸነፍ ይችላል።